የነዳጅ መርከብ ታሪክ፦ ከእንጨት በርሜል እስከ ግማሽ ሚሊዮን ቶን፣ ከዚያስ ለምን አነሱ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ እንዲህ ይላል፦ «ነዳጅ የሚጭኑ መርከቦች ድሮ በበርሜል ነበር የሚጭኑት ይባላል፣ ከዚያ ግማሽ ሚሊዮን ቶን የሚይዙ ተሰሩ፣ አሁን ግን እነሱን የሚያህል አይሰራም፣ ለምን? ደግሞ ማንኛውም መርከብ ሆዱ ውስጥ ነዳጅ ሞልቶ መሄድ ለምን አይችልም?»

ታንከር ላይ ብዙ ዓመት የጭነት ኃላፊ መኮንን ሆኜ ስለሰራሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ይሄን ታሪክ ሰው ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ትልቅነት ነው፣ ማን ትልቁን ሰራ፣ ስንት እግር ኳስ ሜዳ ያክላል ምናምን። እኔ እዚያ ላይ ቆሜ ያስተዋልኩት ግን ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ የባዶ ቦታ ታሪክ መሆኑን ነው። ከነዳጁ በላይ የምትቀረው ክፍተት፣ ተራግፎ የቀረው ታንክ፣ ጭነት ሳይኖረው የሚመለሰው መርከብ፣ በሁለት ብረት መሃል ሆን ተብሎ የተተወው ክፍት። ሁለቱም ጥያቄዎችህ እዚያ ጋ ነው የሚገናኙት። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

በርሜሉ ጋ እንጀምር። በ1859 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ቲተስቪል የምትባል ቦታ ላይ ኤድዊን ድሬክ ቆፍሮ ነዳጅ ሲያወጣ ለዚህ ነገር ተብሎ የተዘጋጀ ዕቃ አልነበረም፣ ያለው የእንጨት በርሜል ነው፣ ስለዚህ በዚያው ተሞላ። ቆይቶ ልኩ 42 የአሜሪካ ጋሎን ሆኖ ጸና፣ 159 ሊትር ማለት ነው፣ ዛሬ ዜና ላይ «በርሜሉ ይሄን ያህል ዶላር ገባ» ሲሉ የምትሰማው ያው የእንጨት በርሜል ልክ ነው፣ በርሜሉ ራሱ ከመርከብ ላይ ከጠፋ ግን ዘመናት አልፈዋል።

በርሜል ለመርከብ ስቃይ ነው። ባዶው ብቻ 29 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ስለዚህ ከምትጭነው አንድ አምስተኛ ያህሉ እንጨት ነው። ክብ ስለሆነ ስትደረድረው መሃል መሃሉ ላይ ቦታ ይባክናል። ውድ ነው፣ በሩሲያ የነዳጅ ሥራ ጅማሬ ላይ ከወጪው ግማሽ ያህሉን የሚበላው በርሜል ነበር። ከሁሉ የሚብሰው ግን ማፍሰሱ ነው። እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ነዳጁ ጠብ ጠብ ይላል፣ የሚተነው ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወደ መርከቡ ሆድ ወርዶ ይተኛል፣ ታች ያለው ሰው ፋኖስ ይዞ ሲወርድ ይጠብቀዋል። በ1861 መጨረሻ ኤልዛቤት ዋትስ የምትባል ትንሽ የሸራ መርከብ ከፊላደልፊያ ወደ ለንደን ሙሉ የነዳጅ ጭነት ይዛ አትላንቲክን ስታቋርጥ የመጀመሪያዋ ነበረች፣ መርከበኛ ግን አልተገኘም፣ ማን ይግባ፣ ካፒቴኑ ሰዎቹን አስክሮ ነው ያሳፈራቸው የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይተረካል። ወሬው እውነት ሆነም አልሆነ የመርከበኞቹ ፍርሃት ትክክል ነበር፣ እኔ ብሆን እኔም አልገባም ነበር። ደግነቱ 45 ቀን አካባቢ ተጉዛ ለንደን በሰላም ገባች።

እሺ፣ በርሜሉን ጥለህ ነዳጁን በቀጥታ የመርከቡ ሆድ ውስጥ ብታፈስስስ? ሁለተኛው ጥያቄህ ይሄ ነው። ጎድጓዳ ትሪ ላይ ውሃ አድርገህ ይዘህ ለመራመድ ሞክር። ትሪው ትንሽ ሲያዘነብል ውሃው በሙሉ ወደዚያው ወገን ይሮጣል፣ ሲሮጥ ትሪውን ይበልጥ ይጫነዋል፣ ከዚያ እጅህ ላይ መገልበጥ ነው። መርከብም እንደዚያው ነው። ማዕበል በቀኝ ሲያዘነብላት ፈሳሹ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ተመልሳ መቃናት ሲገባት የሄደው ክብደት ይይዛታል። አሁን ባዶ ቦታው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፣ ታንኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ቢሆን ፈሳሹ የሚሄድበት የለውም፣ እንደ ድፍን ዕቃ ነው የሚቆጠረው፣ ችግር የሚፈጥረው ከላይ ክፍተት ሲኖር ብቻ ነው። «ታዲያ ጢም አድርጋችሁ አትሞሉም?» ትለኛለህ። አይቻልም። ነዳጅ በሙቀት ይነፋል፣ ድፍድፍ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከ1,000 እጅ 0.8 ያህሉን ይጨምራል፣ ትንሽ ይመስላል ግን 300,000 ሜትር ኩብ በጫነ መርከብ ላይ አንድ ዲግሪ ማለት 240 ሜትር ኩብ ነው፣ መውጫ ካጣ ብረቱን ይቀድደዋል። ስለዚህ ዛሬም ታንክ 98 ከመቶ ገደማ ላይ ይቆማል። ያቺ 2 ከመቶ ግን ለመርከበኛው ነጻ የምትሰጥ ቦታ አይደለችም፣ ፈሳሹ የሚንሸራተትባት፣ ጋዙም የሚጠራቀምባት እሷ ናት።

መፍትሄው ግድግዳ ነው። ሆዱን መከፋፈል። ሒሳቡ እንዴት እንደሚያምር ልንገርህ፣ የፈሳሹ የመገልበጥ ጉልበት በታንኩ ስፋት ኩብ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ሆዱን በቁመት አንድ ግድግዳ አድርገህ ለሁለት ብትከፍለው ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ በሁለት ግድግዳ ለሦስት እኩል ብትከፍለው ወደ አንድ ዘጠነኛ። ጥቂት ብረት ጨምረህ ይሄን ያህል ታተርፋለህ። ከመጀመሪያው ታንከር ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለው የውስጥ ንድፍ ዋናው ነገሩ ይሄ ነው፣ ማንኛውም መርከብ ሆዱን ሞልቶ መሄድ የማይችለውም ለዚህ ነው።

ይሄን በብረት ያሳዩት የኖቤል ቤተሰብ ናቸው። ሽልማቱን ያቋቋመው አልፍሬድ ሳይሆን ወንድሙ ሉድቪግ። ወንድማማቾቹ ባኩ ላይ ነዳጅ ያወጡ ነበር፣ ከባኩ እስከ አስትራካን በካስፒያን ባህር አድርጎ በቮልጋ ወደ ሩሲያ መሃል ማድረስ ነበረባቸው፣ በርሜል ደግሞ ያከስራል። ሉድቪግ በ1878 ዞሮአስተር የምትባለውን መርከብ ስዊድን ውስጥ አሰራ፣ 56 ሜትር ርዝመት፣ 242 ቶን ላምባ የምትጭን፣ ሁለት የብረት ታንክ በቧንቧ የተገናኙባት። ካስፒያን ድረስ የሄደችውም ከባልቲክ ተነስታ በሐይቅና በቦይ በወንዝ አድርጋ ነው፣ ልኳም በዚያ እንድታልፍ ተብሎ ነው የወጣው። ሉድቪግ ንድፉን በፓተንት አላስከለከለም፣ የፈለገ ይስራው ብሎ ተወው። እኔ ለዚህ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ተከትሎት ቶሎ ቶሎ የሰራው በዚህ ነው።

ትምህርቱ ግን በነጻ አልመጣም። በ1881 ኖርደንሾልድ የምትባለው እህት መርከብ ባኩ ላይ ላምባ ስትጭን ነፋስ መርከቧን ገፋት፣ የመጫኛው ቧንቧ ከታንኩ አፍ ተነቀለ፣ ላምባው ዴክ ላይ ፈሰሰና ወደ ሞተር ክፍል ወረደ፣ እዚያ ደግሞ መካኒኮች በላምባ ፋኖስ ብርሃን ይሰሩ ነበር። ፈነዳች፣ ከሰራተኛው ግማሹ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው ከመርከቧ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ፣ የማያፈስ መጫኛ ቧንቧ የመጣው። ዛሬ ወደብ ላይ ሆዝ ስንገጥም የምናደርገው ጥንቃቄ በሙሉ፣ ገመድ መጠበቁ፣ ቫልቭ ጋ ሰው ማቆሙ፣ የዚያች ቀን ልጅ ነው፣ አዲስ ለሚገቡ ልጆች ሁሌም መጀመሪያ የማወራላቸው እሷን ነው።

ቀጥላ የመጣችው ግሉክአውፍ ናት፣ በ1886 ኒውካስል የተሰራች፣ ባለቤቱ ጀርመናዊ ነጋዴ፣ ነዳፊው ሄንሪ ስዋን። ስሟ የጀርመን ማዕድን ቆፋሪዎች ሰላምታ ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት መርከብ ውስጥ ታንክ ያስቀምጡ ነበር፣ እሷ ግን ራሷ ታንክ ሆነች፣ ነዳጁ በቀጥታ የመርከቧን የውጭ ብረት ነካ። ሞተሯ ወደ ኋላ ሄደ፣ ቫልቮቹ ከዴክ ላይ የሚዘጉ ሆኑ፣ በሞተሩና በነዳጁ መሃል ደግሞ ኮፈርዳም የሚባል ባዶ ክፍል ተተወ፣ ነዳጅ ቢያፈስ መጀመሪያ እዚያ ይገባል እንጂ እሳት ጋ አይደርስም። ባዶ ቦታ ሆን ተብሎ ለጥበቃ ሲተው ይሄው ነው፣ ይሄን ያዝልኝ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ኒውዮርክ ስትደርስ በበርሜል ሥራ የሚኖሩ ሰዎች ተቃወሟት፣ የድንጋይ ከሰል እንኳ እንዳይሸጥላት ተደርጎ ነበር ይባላል፣ እንጀራቸው እንደተነካ ገብቷቸዋል፣ ልክም ነበሩ። መርከቧ በ1893 ኒውዮርክ አጠገብ ፋየር አይላንድ ላይ ወጥታ ተሰበረች፣ መልኳ ግን አልሞተም፣ ሞተር ከኋላ ታንክ ከፊት የሆነው የዛሬው ታንከር ሁሉ የእሷ ልጅ ነው።

የስዊዝ ካናል በዚያን ጊዜ ታንከር አያሳልፍም ነበር፣ ቦዩ ውስጥ ብትፈነዳስ ብለው። ማርከስ ሳሙኤል የሚባል የለንደን ነጋዴ የካናሉን ደንብ አጥንቶ በዚያ መሠረት አዲስ መርከብ አሰራ፣ ሚዩሬክስ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1892 (ኦገስት ማለቴ ነው) በካናሉ አለፈች፣ 4,000 ቶን ገደማ የሩሲያ ላምባ ይዛ ከባቱሚ ወደ ሩቅ ምሥራቅ። እኔን ግን የሚያስገርመኝ የመልሱ ጉዞ ነው። ላምባ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ከምሥራቅ ወደዚህ የሚመጣ ላምባ የለም፣ ስለዚህ መርከቧ ባዶዋን መመለስ አለባት፣ ባዶ መርከብ ደግሞ ገንዘብ ያቃጥላል እንጂ አያመጣም። እነሱ ታንኮቹን በእንፋሎት አጥበው ሌላ የንግድ ዕቃ እየጫኑ ይመለሱ ነበር። አስበው፣ ላምባ የነበረበት ታንክ ውስጥ የሚበላ ነገር ሽታ ሳይነካው እንዲገባ ስንት ማጠብ እንደሚጠይቅ። ሚዩሬክስ የባህር ቀንድ አውጣ ስም ነው፣ የሳሙኤል አባት በዛጎል ያጌጡ ሳጥኖች ይሸጥ ስለነበር መርከቦቹን በሙሉ በዛጎል ስም ሰየማቸው፣ በ1897 ያቋቋመው ኩባንያም ሼል ተባለ፣ ዛሬ ማደያ ላይ የምታየው ዛጎል ከዚያ ነው የመጣው።

ከዚህ በኋላ ያሉትን 40 ዓመታት ቶሎ ልለፋቸው። ጆሴፍ አይሸርውድ በ1908 አካባቢ የመርከቡን አጥንት በወርድ ከማድረግ በርዝመት ማድረግን አመጣ፣ ረጅም መርከብ መሃሉ እንዳይሰበር ያደረገው ይሄ ነው። የጦር መርከቦች ከከሰል ወደ ነዳጅ ዞሩ፣ ታንከር የጦርነት ጉዳይ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በ1942 በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻና በካሪቢያን ታንከር እየመረጡ ያሰጥሙ ነበር፣ አሜሪካ ደግሞ ቲ-2 የሚባለውን ታንከር፣ 16,000 ቶን ገደማ የሚጭን፣ ከ480 በላይ ሰራች፣ በሪቬት (በብረት ችንካር) መምታት ቀርቶ በብየዳ።

እዚህ ላይ አንዷን ሳልነግርህ አላልፍም። ስኬኔክታዲ የምትባል ቲ-2 ጥር (ጃንዋሪ) 16 ቀን 1943 ፖርትላንድ ውስጥ፣ ሙከራ ጉዞዋን ጨርሳ ወደብ ላይ ታስራ፣ ማዕበል የለ ጭነት የለ፣ በተረጋጋ ውሃ ላይ በድንገት መሃሏ ላይ ተሰበረች፣ ድምጹ አንድ ማይል ርቆ ተሰማ። የዚያን ጊዜ ብረት በብርድ እንደ ሸክላ ይሰባበር ነበር፣ ብየዳውም ጉድለት ነበረበት፣ ድሮ በሪቬት ሲሰራ ስንጥቁ አንዱ ሳህን ጫፍ ላይ ይቆም ነበር፣ በብየዳ ግን መርከቡ በሙሉ አንድ ብረት ስለሆነ ስንጥቁ የሚያቆመው የለም። የዛሬው የመርከብ ብረት በብርድ ተመትቶ የሚፈተነው ከዚህ ዓይነት ስብራት በኋላ ነው። እሷ ተጠግና ሥራ ገባች።

አሁን ወደ ግዙፎቹ። አንድ ታንክ ርዝመቱን ስፋቱን ጥልቀቱን እጥፍ ብታደርገው የሚይዘው 8 እጥፍ ይሆናል፣ ዙሪያው ያለው ብረት ግን 4 እጥፍ ገደማ ነው፣ ሞተሩም ሰራተኛውም በዚያ ልክ አያድግም። ዛሬ 300,000 ቶን የሚጭን መርከብ 25 ሰው ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ትልቅ መስራት ሁልጊዜ ይጎመጃል። ያገደው የስዊዝ ካናል ነበር፣ ጥልቀቱና ስፋቱ። በ1956 ናስር ካናሉን ወረሰ፣ ጦርነት ተነሳ፣ ካናሉ ለወራት ተዘጋ፣ መርከቦች በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ዞሩ። ከፋርስ ባህረ ሰላጤ ሮተርዳም በዚያ በኩል 11,000 የባህር ማይል በላይ ነው፣ በካናሉ ግን 6,500 ገደማ። ያን ያህል ከዞርክ አይቀር ካናሉን እርሳው፣ ትልቅ ስራ። ዳንኤል ሉድቪግ የሚባል አሜሪካዊ ጃፓን ኩሬ ላይ፣ ያማቶ የተባለው ግዙፍ የጦር መርከብ በተሰራበት ቦታ፣ ዩኒቨርስ አፖሎን አሰራ፣ ከ100,000 ቶን ያለፈች የመጀመሪያዋ። በ1966 ኢደሚትሱ ማሩ ከ200,000 አለፈች። በ1967 ካናሉ እንደገና ተዘጋ፣ ለ8 ዓመት፣ በ1968 ዩኒቨርስ አየርላንድ 326,000 ቶን ይዛ መጣች። በ10 ዓመት ውስጥ ሦስት እጥፍ። እንዲህ ሲሮጥ ልምድ አይከተለውም።

አልተከተለውምም። ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 1969 ላይ ሦስት ወር ሳይሆን ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት አዳዲስ ግዙፍ ታንከሮች ፈነዱ፣ ማርፔሳ፣ ማክትራ እና ኮንግ ሆኮን ሰባተኛ። ማርፔሳ ዳካር አካባቢ ሰጠመች። ሦስቱም ነዳጅ አልጫኑም ነበር። ሦስቱም አራግፈው ሲመለሱ ታንክ እያጠቡ ነበር።

ይሄን ሰው ሲሰማ ይገርመዋል፣ ባዶ መርከብ እንዴት ይፈነዳል? የነዳጅ ትነት የሚነደው ከአየር ጋር በልክ ሲቀላቀል ነው፣ በግምት ከ1 እስከ 10 ከመቶ ሲሆን። ሙሉ ታንክ ውስጥ ከላይ ያለችው ክፍተት ትንሽ ናት፣ ጋዙ በዝቶባት አየሩ ስለሚያንስ ብዙ ጊዜ አትነድም። ስታራግፍ ግን በወጣው ነዳጅ ልክ አየር ይገባል፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዝቃጭ መትነኑን ይቀጥላል፣ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፣ በቃ የሚፈነዳ አዳራሽ አለህ፣ የቤተ ክርስቲያን ያህል ከፍታ ያለው። እሳቱስ ከየት መጣ? ከማጠቢያው ውሃ። በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ውሃ ጭጋግ ይሆናል፣ ጭጋጉ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ በትንሽ ታንክ ውስጥ ያ ምንም አይደለም፣ በግዙፍ ታንክ ውስጥ ግን ብልጭታ ለማውጣት ይበቃል። ማለትም የድሮ አሰራር ወደ ትልቅ ታንክ ሲዛወር ብቻ አዲስ አደጋ ወለደ።

መልሱ ኢነርት ጋዝ ነበር፣ ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ብልህ ሥራ ይሄ ነው። የመርከቡ ቦይለር ነዳጅ ሲያነድ የሚወጣው ጭስ አብዛኛው ኦክስጅኑ ቀድሞ ተቃጥሎ አልቋል፣ እሱን ወስደህ በባህር ውሃ አጥበህ አቀዝቅዘህ ታንኩ ውስጥ ትነፋዋለህ። ኦክስጅን ከ11 ከመቶ በታች ከሆነ ምንም ዓይነት ብልጭታ ቢመጣ ነዳጅ አይነድም፣ ደንቡ ለጥንቃቄ 8 ከመቶ በታች ይላል። ሲያራግፉ አየር ከመግባት ይልቅ የታጠበ ጭስ ይገባል፣ ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሐሳቡ ከዚያ በፊትም በጥቂት መርከቦች ላይ ነበረ፣ በዓለም አቀፍ ደንብ ግዴታ ለመሆን ግን እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሌሎች ፍንዳታዎችም መጨመር ነበረባቸው። ማጠቢያውም ተቀየረ፣ በውሃ ፈንታ በራሱ በድፍድፉ ማጠብ መጣ፣ ድፍድፍ ዝቃጩን በደንብ ያሟሟዋል።

ይሄ ጋዝ ግን ሰውንም ያፍናል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኦክስጅን የሌለበት ታንክ ሽታው አያስጠነቅቅህም፣ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ወስደህ ትወድቃለህ፣ ጓደኛህ ሊያወጣህ ዘሎ ይገባና እሱም ይወድቃል። በወጣትነቴ አብሬው የሰራሁት አለቃ በሦስት ጥልቀት ለክቶ 20.9 ከመቶ ኦክስጅን ካላነበበ የመግቢያ ፈቃድ አይፈርምም ነበር፣ ኩባንያው ቢቸኩል፣ ወደቡ ቢጮህ፣ አይፈርምም። ያኔ ያዘገየን ነበር። ዛሬ እኔም እንደሱ ነኝ።

ባዶው መርከብ ሌላም ጣጣ አለው። ጭነት የሌለው ታንከር ከውሃ ላይ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ፕሮፔለሩ ይወጣል፣ ማዕበል ይጫወትበታል፣ ስለዚህ ባላስት ውሃ (ለማክበጃ የሚሞላ የባህር ውሃ) መያዝ አለበት። ለብዙ አሥርት ዓመታት ውሃው የሚገባው ነዳጁ በነበረበት በዚያው ታንክ ውስጥ ነበር፣ ወደብ ሲቃረቡ ደግሞ ከነቅባቱ ወደ ባህር ይደፋል። አደጋ ሳይደርስ፣ ማንም ጥፋት አጠፋሁ ሳይል፣ በየጉዞው። መጀመሪያ የመጣው ማሻሻያ ቆሻሻውን ውሃ አንድ ታንክ ውስጥ ሰብስቦ፣ ነዳጁ ሲንሳፈፍ ውሃውን ከሥር አውጥቶ፣ አዲሱን ጭነት በላዩ ላይ መጫን ነበር። እውነተኛው ለውጥ ግን ባላስት የራሱ ታንክ ሲኖረው ነው፣ ያንን ያስገደደው መርከቦች ባህርን እንዳይበክሉ የወጣው የማርፖል ስምምነት ነው፣ የ1973ቱ እና የ1978ቱ።

ማርፖልን የወለደችው ደግሞ ቶሪ ካንየን የምትባል ታንከር ናት። መጋቢት (ማርች) 18 ቀን 1967 እንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ሰቨን ስቶንስ ከሚባለው አለት ጋር ተጋጨች፣ 119,000 ቶን ድፍድፍ ይዛ። የእንግሊዝ መንግሥት ነዳጁን ለማቃጠል በአውሮፕላን ቦምብ አዘነበባት፣ ባህሩ ላይ የፈሰሰውን ለማጥፋት ደግሞ ብዙ ኬሚካል ረጩ፣ ኬሚካሉ የባህሩን ሕይወት ከነዳጁ በላይ ጎዳው። ማን ይክፈል፣ በማን አገር ሕግ፣ ማንም አያውቅም ነበር፣ የካሳ ስምምነቱ በ1969 የመጣው በዚህ ነው። ከዚያም አሞኮ ካዲዝ በ1978 መሪዋ ተበላሽቶ በፈረንሳይ ብሪታኒ ዳርቻ ላይ 220,000 ቶን ገደማ አፈሰሰች፣ በ1979 አትላንቲክ ኤምፕረስ ቶቤጎ አጠገብ ከሌላ ግዙፍ ታንከር ጋር ተጋጭታ 287,000 ቶን ጠፋ፣ ከመርከብ ከፈሰሰው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፣ ከዳርቻ ስለራቀ ብቻ ማንም አያስታውሰውም። ኤክሶን ቫልዲዝ በ1989 አላስካ ላይ ያፈሰሰችው 37,000 ቶን ገደማ ነው፣ ከዚያ ሲተያይ ትንሽ፣ ግን የተዘጋ ባህረ ሰላጤ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ፣ ወፍና ዓሣ በሞላበት። የአሜሪካ ሕግ በ1990 ተቀየረ፣ አዲስ ታንከር ድርብ ግድግዳ ይኑረው ተባለ፣ ዓለምም በ1992 ተከተለ።

ድርብ ግድግዳ ማለት ያ ያዝልኝ ያልኩህ ኮፈርዳም ነው፣ አሁን መርከቡን በሙሉ ከጎንና ከሥር የከበበው፣ 2 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክፍት፣ ጭነት ሲኖር ባዶ፣ ጭነት ሲራገፍ ባላስት ውሃ የሚገባበት። አለት የውጩን ብረት ቢቀደው ውስጠኛው ይተርፋል። ግን ሥራ ላይ ሆነህ ስታየው ያ ክፍት ጨለማ፣ ጠባብ፣ ጨው ውሃ የሚመላለስበት፣ ዝገት የሚወደው ቦታ ነው፣ ገብቶ የሚያየው ሰው ከሌለ ከውጭ ምንም አታውቅም። ኤሪካ በ1999፣ ፕሬስቲጅ በ2002 ማዕበል ላይ የተሰበሩት ነጠላ ግድግዳ ያላቸውና ሩብ ምዕት ዓመት ያገለገሉ ነበሩ፣ ፕሬስቲጅ ደግሞ ተጎድታ መጠለያ ወደብ ብትለምን ማንም ሳያስገባት ስድስት ቀን ተንከራትታ ነው ስፔን ፊት የሰጠመችው። ነጠላ ግድግዳ ከ2010 ጀምሮ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ውጤቱ ይታያል፣ በ1970ዎቹ ከ7 ቶን በላይ የሚፈስስበት አደጋ በዓመት ወደ 79 ነበር፣ በ2010ዎቹ ወደ 6 ወርዷል፣ የሚጓጓዘው ነዳጅ ሳይቀንስ።

እና ግዙፎቹስ ለምን ቀሩ? አደጋው ብቻ ሳይሆን ቦታ ስላጡ ነው። ፈረንሳይ ሴን ናዜር ላይ የተሰሩት ባቲሉስና እህቶቿ፣ 550,000 ቶን፣ 414 ሜትር፣ የታዘዙት ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በፊት ነበር፣ ባቲሉስ ሥራ የጀመረችው በ1976፣ ዋጋው በአራት እጥፍ ካደገና ሰው ነዳጅ መቆጠብ ከጀመረ በኋላ። ካናሉም በ1975 ተከፍቷል። ሰሜን ባህርና አላስካ ነዳጅ ማውጣት ጀመሩ፣ ከገበያው ቅርብ። 550,000 ቶን በአንድ ጊዜ የሚገዛ፣ የሚያስቀምጥበትም ያለው፣ ወደቡም የሚበቃው ደንበኛ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው፣ ግማሽ ጭነት ይዞ መሄድ ደግሞ የትልቅነቱን ጥቅም በሙሉ ይበላዋል። ባቲሉስ በ1985 ተቆራረጠች፣ አሥር ዓመት እንኳ ሳትሞላ። ከሁሉ የምትረዝመው ሲዋይዝ ጃየንት፣ 458 ሜትር፣ 564,000 ቶን፣ ሙሉ ስትሆን 24.6 ሜትር ውሃ ውስጥ የምትገባ፣ ስዊዝንም ፓናማንም የእንግሊዝ ቻናልንም ማለፍ አትችልም ነበር። በ1988 የኢራቅ አውሮፕላኖች መቷት፣ ተጠግና ስሟን እየቀየረች ሰራች፣ መጨረሻ ላይ ኳታር ውስጥ ቆማ ማከማቻ ሆነች፣ በ2010 ሕንድ አላንግ ላይ ፈረሰች። ዛሬ ገበያው የተስማማበት ልክ 300,000 ቶን አካባቢ ነው፣ 2 ሚሊዮን በርሜል፣ አንድ ገዢ የሚችለው፣ ብዙ ወደብ የሚቀበለው።

ከግዙፎቹ ዘመን አንዷ እስከ 2023 ነዳጇን እንደያዘች ቀይ ባህር ላይ ነበረች፣ ስሟ ሴፈር፣ በ1976 ኤሶ ጃፓን ተብላ የተሰራች፣ 362 ሜትር፣ ነጠላ ግድግዳ፣ ኋላ የመን ራስ ኢሳ ፊት ለፊት ተንሳፋፊ ማከማቻ ተደርጋ የታሰረች። የየመን ጦርነት ሲነሳ ጥገናው ቆመ፣ ቦይለሩ ነዳጅ አጣ፣ ቦይለር ከሌለ ጭስ የለም፣ ጭስ ከሌለ ኢነርት ጋዝ የለም፣ 1.1 ሚሊዮን በርሜል ላይ ያለው ባዶ ቦታ ለዓመታት ያለ ጥበቃ ተቀመጠ። በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ያሰማሯቸው ባለሙያዎች ሲደርሱ አንድ ጠብታ ከመሳባቸው በፊት ያደረጉት ነገር ታንኮቹን ከውጭ ባመጡት ጋዝ መሙላት ነበር። ከዚያ ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተዛወረ፣ ነሐሴ ላይ አለቀ፣ 2 ከመቶ የማይሞላው ግን ከዝቃጩ ጋር ተጣብቆ ታንኩ ግድግዳና ወለል ላይ ቀረ፣ እሱን ለማውጣት ደግሞ እንደገና ታንክ ማጠብ ያስፈልጋል።